ሕመሙን የማይናገር ሕመምተኛ

በአገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚባል ተረት አለ። ተረቱ ለሰው የተነገረ ነው። ሰው አፍ አለውና፣ ወዶ ካልደበቀው በቀር ራሱን እንዳመመው፣ ወገቡን እንደ ቆረጠመው ለሐኪም ሊያስረዳ ይችላል። ከብትም ቢታመም ሣር ይተዋል፣ ያቃስታል፣ ጆሮውን ይጥላል፤ እረኛውም ነገሩን ይረዳለታል። ዛፍ ግን ሳይደብቅም የተደበቀ ነው። ሕመሙ ከልጡ በታች፣ ሥሩም ከመሬት በታች ስለ ሆነ፣ ውስጡ እየበሰበሰ ቅጠሉ ለምልሞ ብዙ ዘመን ይቆያል። ታሞ እንደ ነበረ የምናውቀው አብዛኛውን ጊዜ በወደቀ ቀን ነው።

በዚህች አጭር ጽሑፍ የዛፍንና የደንን ጤና ለመጠበቅ ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ምን እንዳደረጉ፣ በኋላም ይህ ሥራ እስከ ዶክተርነት ማዕረግ የሚያደርስ ትምህርት እንዴት እንደ ሆነ ለወጣት አንባቢዎቼ ላጫውታቸው አስቤአለሁ። ነገሩን ከሩቅ አገር ሳልጀምር፣ እኔ ራሴ ከበደልሁበት ቦታ ከወንጪ እጀምራለሁ።

ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኝ ታላቅ ተራራ ነው። በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ነበረ፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላ በመኻሉ የቀረውን ሰፊ ጉድጓድ ውሃ ሞላውና ሐይቅ ሆነ። የተራራው ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው ሐይቁን፣ በሐይቁም ላይ ያለችውን ደሴት፣ በደሴቲቱም ላይ በዛፍ የተከበበውን የወንጪ ቂርቆስን ቤተ ክርስቲያን ያያል። በዳገቱ ላይ የእንሰት ጓሮና የገብስ ማሳ አለ፤ ጥድና ኮሶ፣ ወደ ጫፉም አስታ ይበቅላል። የአገሩ ሕዝብ ኦሮሞ ነው፤ ኮሶን ሄቶ፣ ባሕር ዛፍን ባርጋሞ ብሎ ይጠራዋል።

በልጅነቴ በዚያ አገር ከብት እጠብቅ ነበር። ከምንሰማራበት ሜዳ ዳር አንድ ትልቅ ኮሶ ነበረ። አበባው በደረሰ ጊዜ ለመድኃኒት የሚፈልጉት ሰዎች እየመጡ ይለቅሙት ነበር፤ እኛም በፀሐይና በዝናብ ጊዜ እንጠለልበት ነበር። አንድ ዓመት ከግንዱ ከፍ ብሎ ባለ ቀዳዳ ንብ ገባበት። እኛ እረኞቹ ማሩን ተመኘነውና በጢስ ልናባርራቸው ተማከርን። ደረቅ ኩበትና ጭራሮ ከዛፉ እግር ሥር ከመርን። እሳቱን ከቤት በገል ይዤ የመጣሁት እኔ ነበርሁ።

ጢስ ብቻ ይሆናል ያልነው እሳት ነፋስ አገኘና ነደደ። የግንዱን አንድ ጎን እንደ ጋሻ በሚያህል ስፋት አከሰለው። ከማሩ ያገኘነው አንዲት እፍኝ ነው፤ ፊታችን ግን አብጦ ዐይናችን ጠፋ። በመካከሉ አንድ ሽማግሌ ጢሱን አይተው እየሮጡ መጡና እሳቱን በእርጥብ ቅጠል እየመቱ አጠፉት። ከዚያም ግንዱን በእጃቸው ዳብሰው «ልጆቼ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ይባል ነበር፤ ይኸው ከተቃጠለ በኋላ ደረስሁ» አሉ። ቀጥለውም እሳቱን ማን እንዳመጣ ጠየቁ። እኔ ዝም አልሁ። ሁላችንም ዝም ባልን ጊዜ ገሉ አጠገብ የቆመው ጓደኛዬ ተጠረጠረና ማታ በአባቱ እጅ ተገረፈ። ያን ሌሊት እንቅልፍ እንዳልወሰደኝ አስታውሳለሁ። በማግሥቱ ግን ረሳሁት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከትምህርት ቤት ለዕረፍት ተመልሼ በዚያ በኩል ሳልፍ ኮሶው ቆሟል፤ ቅርንጫፉም ለምልሟል። «ይኸው ምንም አልሆነም» ብዬ ልቤን አሳረፍሁ። ከዚያም ጥቂት ዓመት ቆይቶ በአንድ የክረምት ሌሊት ዛፉ ወደቀና ከታች ያለውን የአንዲት ባልቴት ማድ ቤት ደረመሰው። ሌሊት ስለ ነበረ በውስጡ ሰው አልተገኘም። የመንደሩ ሰው ሁሉ ነፋስ ጣለው አለ። እኔ ግን ሄጄ የተሰበረውን ግንድ አየሁ። መኻሉ ባዶ ሆኗል፤ የቀረውም እንጨት በጣት ሲነኩት እንደ ዱቄት ይረግፋል። መበስበሱ የጀመረው ያ ጋሻ የሚያህለው የተቃጠለ ቦታ ከነበረበት ጎን ነው። በዚያው ጎን ላይ የጅብ ጥላ የሚባለው እንጉዳይ እንደ መደርደሪያ ተደራርቦ በቅሎበታል። ማድ ቤቱን ከጎረቤቶቹ ጋር ሆኜ ሠራሁ፤ ነገር ግን ምክንያቱን ለማንም አልተናገርሁም።

እሳቱ በአንድ ሰዓት የሠራው ሥራ ዛፉን ለመጣል ይህን ያህል ዓመት እንዴት ፈጀበት? ይህን ጥያቄ ይዤ መጻሕፍት መመርመር በጀመርሁ ጊዜ፣ ሌሎች ሰዎች ከእኔ አስቀድመው ዕድሜያቸውን የሰጡበት ጥያቄ መሆኑን አገኘሁ።

በአውሮፓ ብዙ ዘመን የነበረው እምነት እንጉዳዩ ከበሰበሰ እንጨት ይወለዳል የሚል ነበር። ይኸውም ልክ ትል ከበሰበሰ ሥጋ በራሱ ይፈጠራል እንደሚባለው ነው። ሮበርት ሃርቲግ የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1874 ስለ ደን ዛፎች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን አስረዳ። እንጉዳዩ የመበስበስ ልጅ አይደለም፤ አባቱ ነው። ከውጭ የምናየው የጅብ ጥላ ፍሬው ብቻ ነው፤ ዋናው አካሉ ከፀጉር የቀጠነ ክር ሆኖ በእንጨቱ ውስጥ ለውስጥ እየሄደ ይበላዋል። መግቢያ በር የሚሆነውም ብዙ ጊዜ ቁስል ነው፤ መጥረቢያ የነካው፣ እሳት የላሰው፣ ከብት የላጠው፣ ቅርንጫፍ የተገነጠለበት ቦታ። ልጥ ለዛፍ እንደ ቆዳ ለሰው ነው። እኔም በዚያች ቀን ለኮሶው የከፈትሁለት በር ይህ ኖሯል።

ከሃርቲግ በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ። የእኛ ሥጋ ሲቆስል የሞተው ተጥሎ በቦታው አዲስ ሥጋ ይተካል። ዛፍ ግን የቆሰለውን እንጨት አያድነውም፤ ዙሪያውን አጥሮ ይዘጋውና በላዩ አዲስ እንጨት ያበቅላል። አጥሩ የጠነከረ እንደ ሆነ ዛፉ መቶ ዓመት ይኖራል፤ የደከመ እንደ ሆነ በሽታው አጥሩን እየጣሰ ይሄዳል። በላዩ ላይ ለምለም ሆኖ ያየሁት ያ ኮሶ ለካ በዚያን ጊዜ በውስጡ ይታገል ነበር።

አሁን ወደ አገራችን ታሪክ እንመለስ። አባቶቻችን ስለ እንጉዳይ ክር ባያውቁም ደንን መጠበቅ አላወቁም ማለት አይቻልም። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ የሚሄድ መንገደኛ ይህን ታሪክ በመንገዱ ግራና ቀኝ ሊያነበው ይችላል።

መጀመሪያ የሚያገኘው የመናገሻን ደን ነው። ሲነገር እንደ ኖረው በ15ኛው መቶ ዓመት የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በወጨጫ ተራራ ላይ የነበረው ደን መመናመኑን አይተው፣ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉበት። ከእርሳቸውም በኋላ ዐፄ ምኒልክ ደኑ እንዳይቆረጥ አዘው አስጠበቁት። ዛሬ መናገሻ ሱባ በሚባለው ደን ውስጥ የሚታዩት ግዙፍ ጥዶች የዚያ ጥበቃ ምስክሮች ናቸው።

በወንጪ ደሴት ላይ ያለው ዛፍ ደግሞ በንጉሥ አዋጅ ሳይሆን በፈሪሃ እግዚአብሔር የተጠበቀ ነው። በኦሮሞም ሕዝብ ዘንድ ኦዳ የተከበረ ዛፍ ነው፤ የገዳ ጉባኤ የሚደረገው፣ ሕግ የሚታወጀው፣ የተጣላ የሚታረቀው በኦዳ ጥላ ሥር ነው። የገዳ ሥርዐት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሲጻፍ፣ ከሥርዐቱ ጋር የዛፉም ስም ከፍ ብሏል። ስለዚህ ንጉሡም፣ ካህኑም፣ አባ ገዳውም በየበኩላቸው ለዛፍ ዘበኛ አቁመውለታል ማለት ነው።

መንገደኛው ሆለታን አልፎ ጥቂት እንደ ሄደ አዲስ ዓለም ይደርሳል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው እንጨት ለቤትና ለማገዶ ሲቆረጥ ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ተራቆተ። ዐፄ ምኒልክም በ1893 ዓ.ም. ገደማ ከተማቸውን እንጨት ወደሚገኝበት ለማዛወር አስበው በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ነገር ግን በዚያው ዘመን ከአውስትራልያ የመጣው ባሕር ዛፍ ሲተከል በጥቂት ዓመት ውስጥ ለማገዶ የሚደርስ፣ ቢቆረጥም ከጉቶው እንደ ገና የሚያቆጠቁጥ ሆኖ ተገኘ። ወደ አገራችን ያስገባው ሞንዶን ቪዳይዬ የሚባል ፈረንሳዊ እንደ ሆነ ይነገራል። ከተማዪቱ ሳትነቀል ቀረች፤ የአዲስ ዓለሙም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዋና ከተማን በቦታዋ ያቆማት አንድ ዛፍ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚህ በላይ የተነገረው ጥበቃ ሁሉ ግን ዛፍን የሚጠብቀው ከመጥረቢያ ነው። መጥረቢያ የሚታይ ጠላት ነው፤ ድምፁም ከሩቅ ይሰማል። የማይታየውን ጠላት በአዋጅም ሆነ በግዝት ማገድ አይቻልም። ይልቁንም አገር ሁሉ በአንድ ዐይነት ዛፍ ላይ ተስፋውን የጣለ እንደ ሆነ አደጋው የባሰ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ነገር በአሜሪካ ተደርጓል። የዚያ አገር የቼስትነት ዛፍ ከምሥራቁ ደን ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ነበረው። ፍሬውን ሰውና እንስሳ ይበላዋል፤ እንጨቱም ለቤት መሥሪያ ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ1904 በኒው ዮርክ ከተማ ባለው የአራዊት መጠበቂያ ውስጥ ጥቂት ዛፎች ልጣቸው ቆስሎ ሲደርቁ ታዩ። በሽታው ከእስያ ከመጣ ችግኝ ጋር የገባ ፈንገስ ነበር። በሃምሳ ዓመት ውስጥ በቢልዮን የሚቈጠር ዛፍ አለቀ። ችግኙን ያስገቡት ሰዎች ጠላቶች አልነበሩም፤ ያማረ ዛፍ ወደ አገራቸው ማምጣታቸው ነበር።

በዚያው ዘመን በሆላንድ አገር ኤልም የሚባለው የመንገድ ዳር ዛፍ በድንገት መጠውለግ ጀመረ። ጊዜው የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ያበቃበት ስለ ነበረ፣ አንዳንዱ በጦርነቱ የተረጨው የመርዝ ጋዝ ነው አለ፤ ሌላው ድርቅ ነው አለ። በዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ዮሐና ቬስተርዳይክ የምትባል ሴት ነበረች፤ እርስዋም በአገርዋ ከሴቶች መካከል የመጀመሪያዋ ፕሮፌሰር ናት። ይህን ጉዳይ ለተማሪዋ ለቤአ ሽቫርትስ ሰጠቻት። ሽቫርትስ የታመሙትን ዛፎች እንጨት እየመረመረች ምክንያቱ ፈንገስ መሆኑን ደረሰችበት፤ ይህንኑም እ.ኤ.አ. በ1922 ለዶክተርነት ማዕረግ በጻፈችው ድርሳን አስረዳች። ብዙ ሊቃውንት አላመኑዋትም። ከጥቂት ዓመት በኋላ ሌላዋ የቬስተርዳይክ ተማሪ ክሪስቲን ቡይስማን ፈተናውን ደግማ ሠርታ የጓደኛዋን ቃል እውነትነት አረጋገጠች።

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ የዶክተርነት ጥናት የሚባለው ነገር ምን እንደ ሆነ ከዚህ ተረዳ። ብዙ ሰው ዶክተር የሚለውን ቃል ከስም በፊት የሚቀጸል ጌጥ አድርጎ ያየዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሰው እስከዚያ ቀን ማንም ያላወቀውን አንዲት ትንሽ ነገር ለማወቅ አራትና አምስት ዓመት ይቀመጣል። ያገኘውንም ሌላው ሰው ደግሞ ሊፈትነው በሚችል መንገድ ይጽፈዋል። ነፋስ ነው፣ ጋዝ ነው፣ ቁጣ ነው እየተባለ በሚወራበት መካከል «ቆዩ፣ እስቲ ግንዱን ሰንጥቀን እንየው» የሚል ሰው እርሱ ነው።

በአገራችንም እንደዚህ ያሉ ሰዎች ተነሥተዋል። ለዚህ ትምህርት መሠረት ከተጣለባቸው ቦታዎች አንዷ አምቦ ናት። በ1939 ዓ.ም. በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እርሱም እያደገ ሄዶ ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። በኋላም በዚያችው ከተማ የተክል በሽታ የሚመረመርበት ቤተ ሙከራ ተቋቁሟል፤ ይኸው ቤተ ሙከራ በኋላ የዕፀዋት ጥበቃ የምርምር ማዕከል ተብሏል።

በወንጪ ጓሮ ሁሉ የሚታየውን እንሰት እንውሰድ። እንሰት በቁመቱ ዛፍ ቢመስልም ዛፍ አይደለም፤ ነገር ግን ታሪኩ ለዛፍም ትምህርት ይሆናል። የመኻል ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይጠወልግና መላው ተክል ይበሰብሳል። ሊቁ ዳኛቸው ይርጉ ብራድበሪ ከሚባል እንግሊዛዊ ጋር ሆኖ የዚህ በሽታ ምክንያት ባክቴሪያ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1968 አስታወቀ። በሽታው ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው ከሚሄድባቸው መንገዶች ዋናው ያው እንሰቱ የሚቆረጥበትና የሚፋቅበት ቢላዋ ነው። እናት ልጆችዋን ለመመገብ ብላ የያዘችው ቢላዋ፣ ሳታውቀው ጓሮዋን በሙሉ ያጠፋባታል። መድኃኒቱም ውድ አይደለም፤ የታመመውን ነቅሎ ማስወገድ፣ ቢላዋውንም ከአንዱ ወደ ሌላው ከመሄድ በፊት በእሳት ላይ ማሳለፍ ነው። እሳት በእረኛ እጅ ኮሶን ገደለ፤ በምታውቅ እናት እጅ ግን እንሰትን ያድናል። ልዩነቱ ዕውቀት ብቻ ነው።

ስለ ደንም ከተጻፉት የዶክተርነት ጥናቶች ሦስቱን ላስታውስ። ደመል ተከታይ እ.ኤ.አ. በ1996 በስዊድን የእርሻ ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ ያቀረበው ጥናት በደጋው ደን አፈር ውስጥ ስለሚገኘው ዘር ነው። በዚህ ዐይነት ጥናት አፈር ከደን ውስጥ ተቆፍሮ ይወሰዳል፤ ውሃ እየጠጣም የሚበቅለው ሁሉ በየስሙ ይቈጠራል። ከአፈሩ ብዙ ዘር ተገኘ፤ ነገር ግን አብዛኛው የሣርና የአረም ነው እንጂ የታላላቆቹ ዛፎች አይደለም። ትርጉሙ ከባድ ነው። ደኑ ቢመነጠር መሬቱ ራሱ ዘሩን አስቀምጦልናልና ሲተው ይመለሳል ማለት አንችልም። የአብዛኞቹ ዛፎች ተስፋ ያለው በቆሙት እናት ዛፎችና በሥራቸው ባሉት ቡቃያዎች ነው።

ሁለተኛው ዓለሙ ገዛኸኝ እ.ኤ.አ. በ2003 በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ የፈጸመው ነው። እርሱና መምህራኑ ከውጭ አገር መጥተው በኢትዮጵያ የተተከሉትን የባሕር ዛፍንና የፓይንን በሽታ መርምረዋል። በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ልጥን የሚያቆስል ፈንገስ አግኝተዋል። አርሚላርያ የሚባለውም የሥር አበስባሽ በአገራችን የተተከሉ ዛፎችን እንደሚገድል ለይተው አሳውቀዋል። አርሚላርያ በተቆረጠ ዛፍ ጉቶና ሥር ውስጥ ብዙ ዓመት ይቆይና ከጎኑ ወደ ተተከለው አዲስ ዛፍ ሥር ይሻገራል። እንግዲህ የምኒልክን ከተማ ያቆማት ባሕር ዛፍም ሐኪም የማያስፈልገው ብርቱ አይደለም። ካገሩ በራቀ ጊዜ ብዙ በሽታዎቹን ከኋላው ትቶ መጣ፤ እነርሱ ግን ቀስ በቀስ ሊከተሉት ይችላሉ።

ሦስተኛው ዓለማየሁ ዋሴ ነው። ወጣቶች በይበልጥ የሚያውቁት እመጓ በተባለው የልብ ወለድ መጽሐፉ ይሆናል። እርሱ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ በቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ለዶክተርነት የጻፈው በኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ በተደረገው ምርመራ 168 ዐይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተቈጥሯል። ከዚያው ጋር ያስተዋለው ነገር አለ፤ ትልልቆቹ ዛፎች ተከብረው ቢቆሙም ከብት ገብቶ ቡቃያውን ስለሚግጠውና ስለሚረግጠው፣ የሚተካ ልጅ እያጡ የሚያረጁ ደኖች አሉ። ከዚህ ጥናት በኋላ በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ደን ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተሠርቷል። ድንጋዩም ከገበሬው ማሳ ላይ የሚለቀም ስለ ሆነ፣ ማሳው ጠራ፤ ደኑም አጥር አገኘ።

እነዚህን ሦስት ጥናቶች ባንድነት ስናያቸው የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። ዛፍን አለመቁረጥ ጥሩ ነው፤ ግን አይበቃም። መትከልም ጥሩ ነው፤ እርሱም አይበቃም። ዘሩን፣ ቡቃያውን፣ ልጡንና ሥሩን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል።

ሕጋችንም ይህን ለማገዝ ሞክሯል። በ1957 ዓ.ም. ስለ መንግሥት ደን፣ ስለ ግል ደንና ስለ ጥብቅ ደን ሦስት አዋጆች ወጥተዋል፤ ከዚያም በኋላ በየመንግሥቱ ሌሎች ተከታትለዋል። በ2011 ዓ.ም. የአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ተጀምሮ፣ ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚልዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። ወንጪም በ«ገበታ ለሀገር» ሥራ ከተመረጡት ቦታዎች አንዷ ሆናለች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም የቱሪዝም ድርጅት ምርጥ ከተባሉት የቱሪዝም መንደሮች መካከል ስምዋን ጽፎላታል። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነው። ሆኖም የተተከለ የሚቈጠረው በአንድ ቀን ሲሆን የጸደቀ የሚቈጠረው በዐሥር ዓመት ነው። እንግዳ የበዛበትም ደን የበዛ ዐይን ያስፈልገዋል፤ ስሙን በጩቤ በልጥ ላይ የሚጽፍ ጎብኚ፣ ፈረሱን በለጋ ግንድ ላይ የሚያስር መሪ፣ ከዛፍ ሥር እሳት የሚያነድ ወጣት እኔ በልጅነቴ ከሠራሁት የተለየ ሥራ አይሠሩም። እነርሱም እንደ እኔ በማግሥቱ ይረሱታል።

ይህን ሁሉ ካነበብሁ በኋላ ወደ ወንጪ ሄድሁ። ያ በእኔ ፈንታ የተገረፈው ጓደኛዬ ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ እዚያው ይኖራል። ከእንሰት ጓሮው ዳር ተቀምጠን እሳቱን ያመጣሁት እኔ እንደ ነበርሁ ነገርሁት። ስለ ዛፉም፣ ስለ ባልቴቲቱ ማድ ቤትም ነገርሁት። እስኪበቃው ከሳቀ በኋላ «እኔስ ግርፋቱን ረስቼዋለሁ። ዛፉ ነው ያልረሳህ» አለኝ።

ከዚያም ተነሥቶ ወደ ወደቀው ኮሶ ቦታ ወሰደኝ። የዛፉ ጉቶ በስብሶ አፈር ሊሆን ተቃርቧል። ከእርሱ ጥቂት ራቅ ብሎ አንድ የኮሶ ቡቃያ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ደርሷል። ጓደኛዬ ከብት እንዳይግጠው በእሾህ አጥሮታል። ማን እንዳስተማረው ብጠይቀው «ከብቱ ነዋ ያስተማረኝ። ሁለቱን በልቶብኝ ይህ ሦስተኛው ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሊቁ በብዙ ዓመት ጥናት የደረሰበትን እርሱ በሁለት ቡቃያ ኪሳራ ደርሶበታል። ልዩነቱ የሊቁ ዕውቀት ተጽፎ ለሌላው ሁሉ ስለሚደርስ፣ ሌላው ሁለት ሁለት ቡቃያ መክሰር አያስፈልገውም።

እንግዲህ ልጄ ሆይ፤ ከእናንተ መካከል አንዱ ትምህርቱን ገፍቶ የዛፍ ሐኪም ለመሆን ቢነሣ፣ ዘመዶቹ የሰው ሐኪም ለምን አልሆንህም ቢሉት አይፈር። የሰው ሐኪም የሚያድነው ሰው ውሃ ይጠጣል፣ እንጨት ያነዳል፣ ከጥላ ሥር ያርፋል። ሁላችሁም ሊቅ መሆን አትችሉም። ሁላችሁም ግን የምታዩትን ለመናገር ትችላላችሁ። ቅጠሉ ያለጊዜው የረገፈ፣ ልጡ የቆሰለ፣ በግንዱ ላይ የጅብ ጥላ የበቀለበት ዛፍ ስታዩ ለሚያውቅ ሰው ንገሩ። ጥፋቱ የእናንተ ቢሆን እንኳ ንገሩ። ዛፉ መናገር አይችልምና፣ ያየው ሰው ዝም ካለ በሽታው በእውነት ተደበቀ ማለት ነው።

እኔ የኮሶውን ቡቃያ በየዓመቱ እየሄድሁ አየዋለሁ። እሾሁም ባረጀ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር ሆነን እንለውጠዋለን።